«ልጄን እወዳታለሁ፤ ባለቤቴ ሲቀርበኝ ግን ሰውነቴ ይሸማቀቃል»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከወሊድ በኋላ ስለሚገጥም የስሜት መታወክና ስለ ባልና ሚስት ግንኙነት ብዙ ደብዳቤዎች ይደርሱናል። አብዛኞቹ ከሁለቱ ስለ አንዱ ብቻ የሚጠይቁ ይመስላሉ። ልብ ብሎ ለሚያነብ ግን ሁለቱ ጉዳዮች ተለያይተው አይገኙም፤ ስለ ሕመሟ የምትጠይቀው እናት ማልቀሷን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጠቅሳ ታልፋለች፣ ስለ ልቅሶዋ የምትጽፈውም ከባለቤቷ መራቋን በመጨረሻው መስመር ላይ ትነግረናለች። ለዚህ ዕትም አምስት ጥያቄዎችን መርጠናል። የጸሐፊዎቹን ማንነት ሊያሳውቁ የሚችሉ ዝርዝሮች እንዲወጡ ተደርጓል።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ልጄን ከወለድኩ አምስት ወር ሆኖኛል። በምጥ ስወልድ ተቀድጄ ተሰፍቻለሁ። በስድስተኛው ሳምንት ለምርመራ ስሄድ ስፌቱ በደንብ እንደዳነና ግንኙነት መጀመር እንደምችል ተነገረኝ። ስንሞክር ግን የሚያቃጥልና የሚቆርጥ ሕመም ስለተሰማኝ ተውነው። አሁን ባለቤቴ እጄን ሲይዘኝ እንኳ መጨረሻው ወዴት እንደሚያመራ ስለማስብ ሰውነቴ ይሸማቀቃል። ሌሊት ሕፃኗ ተኝታም እኔን እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ቀን ደግሞ ያለ ምክንያት አለቅሳለሁ። ልጄን እወዳታለሁ፤ ነገር ግን ጥሩ እናትም ጥሩ ሚስትም እንዳልሆንኩ ይሰማኛል። ባለቤቴ ታጋሽ ነው፤ ትዕግሥቱ ግን ባለ ዕዳ እንደሆንኩ እንዲሰማኝ አድርጎኛል። ችግሩ ከሰውነቴ ነው ወይስ ከአእምሮዬ? ወደ ማንስ ልሂድ?

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ ችግሩ ከሰውነትዎም ከአእምሮዎም ነው፤ ሁለቱ እርስ በርስ እየተባባሱ እዚህ አድርሰውዎታል፤ ስለዚህ አንዱን ብቻ ነጥሎ ማከም ብዙ አያራምድም። ከሰውነቱ ልጀምር። የእንግዴ ልጁ ከወጣበት ሰዓት አንሥቶ፣ በእርግዝና ወቅት ከፍ ብለው የቆዩት ኤስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የተባሉት ሆርሞኖች በጥቂት ቀናት ውስጥ እጅግ ይወርዳሉ። እናቲቱ የምታጠባ ከሆነ ደግሞ ወተት እንዲመረት የሚያደርገው ፕሮላክቲን ከፍ ብሎ ስለሚቆይ ኤስትሮጅን ዝቅ እንዳለ ይከርማል። በዚህ ምክንያት የብልት ውስጠኛ ግድግዳ ይሳሳል፣ ይደርቃል፣ የመለጠጥ ዐቅሙም ይቀንሳል፤ ሁኔታው የወር አበባቸው በዕድሜ ምክንያት በተቋረጠ ሴቶች ላይ ከሚታየው ጋር ይቀራረባል። ስፌቱ በሚገባ የዳነላት እናት እንኳ ሕመም ሊሰማት የሚችለው ለዚህ ነው። በስድስተኛው ሳምንት የተደረገልዎ ምርመራ ከሁሉ በላይ የሚያረጋግጠው ቁስሉ መዘጋቱን፣ ማህፀን ወደ ቀድሞ መጠኑ መመለሱንና ኢንፌክሽን አለመኖሩን ነው። «መጀመር ይችላሉ» ሲባሉ የተሰጠዎ ፈቃድ እንጂ ቀጠሮ አልነበረም፤ ስድስት ሳምንት ሲሞላ ግንኙነት መጀመር አለበት የሚል የሕክምና ሕግ የለም።

እንደ እርስዎ ያሉ እናቶችም ጥቂት አይደሉም። የመጀመሪያ ልጃቸውን በለንደን በወለዱ እናቶች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከመቶ 83ቱ፣ በስድስተኛው ወር ደግሞ ከመቶ 64ቱ የግንኙነት ችግር እንደነበረባቸው አሳይቷል። ችግር ከገጠማቸው መካከል ጉዳዩን ለጤና ባለሙያ ያነሡት ከመቶ 15ቱ ብቻ ነበሩ። ከሕመሙ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ዝምታ ነው፤ ምክንያቱም አብዛኞቹ ችግሮች ቢነገሩ የሚታከሙ ናቸው።

አንዴ የታመመ ሰውነት ሕመሙን አስቀድሞ ይጠብቃል። ማህፀንንና ፊኛን ከሥር ደግፈው የሚይዙት የዳሌ ወለል ጡንቻዎች ገና ሳይነኩ ይኮማተራሉ፤ ሲኮማተሩ ሕመሙን ያባብሳሉ፤ ሕመሙም በተራው የሚቀጥለውን ጊዜ ፍርሃት ያጸናዋል። እጅዎ ሲያዝ የሚሸማቀቁት ባለቤትዎን ስለጠሉ አይደለም፤ ሰውነትዎ ራሱን እየተከላከለ ነው። በዚህ ሁኔታ ላይ ሆነው ጥርስዎን ነክሰው መታገሥ ነገሩን ያከብደዋል እንጂ አያቀለውም። ስለዚህ ሕመሙ በድጋሚ እስኪመረመር ድረስ ግንኙነት መሞከሩን እንዲያቆሙ እመክርዎታለሁ።

አሁን ወደ ልቅሶዎና ወደ እንቅልፍዎ ልምጣ፤ ከጠቅላላው ደብዳቤ ይልቅ ያሳሰበኝ ይህ ክፍል ነውና። ከወሊድ በኋላ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን የሚጀምር ሆደ ባሻነትና የስሜት መለዋወጥ ከግማሽ በላይ በሚሆኑ እናቶች ላይ ይታያል፤ ብዙውን ጊዜም ሁለት ሳምንት ሳይሞላው በራሱ ይተዋል። የእርስዎ ግን አምስተኛ ወር ላይ ደርሷል። ሕፃኗ ተኝታ ሳለ እናቲቱ መተኛት አለመቻሏ፣ ያለ ምክንያት ማልቀስ፣ ራስን እንደማትረባ አድርጎ መቁጠር በአንድ ላይ ሲታዩ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድባቴ ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ግድ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ከወለዱ ሴቶች መካከል ከመቶ 13 ያህሉ የአእምሮ ጤና ችግር ይገጥማቸዋል፤ በዋናነትም ድባቴ ነው። ድባቴ ደግሞ የፆታ ፍላጎትን ቀድሞ ያጠፋል፤ ምንም ነገር ደስ በማያሰኝበት ጊዜ ይህ ብቻ ደስ እንዲያሰኝ መጠበቅ በራስ ላይ መጨከን ነው።

ወደ ማን ልሂድ ላሉት፣ መጀመሪያ በወለዱበት ወይም ክትትል በሚያደርጉበት የጤና ተቋም ለአዋላጅዋ ወይም ለሐኪሙ ስለ እንቅልፍዎና ስለ ልቅሶዎ ይንገሩ። የኤድንብራ የድኅረ ወሊድ ድባቴ መለኪያ የሚባለውን መጠይቅ እንዲሞሉ ይጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ1987 በስኮትላንድ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ስላለፉት ሰባት ቀናት የሚጠይቁ 10 ጥያቄዎች ብቻ አሉት፤ ውጤቱም ከ0 እስከ 30 ይደርሳል። የመጨረሻው ጥያቄ ራስን ስለ መጉዳት ሐሳብ የሚጠይቅ ስለሆነ በእውነት ይመልሱት። ውጤቱ ብቻውን በሽታውን አያረጋግጥም፤ የበለጠ መመርመር እንዳለብዎ ግን ያመለክታል። በዚያው ቀን የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ምርመራ ቢደረግልዎ መልካም ነው፤ ሁለቱም ከወሊድ በኋላ የሚያጋጥሙ፣ ድካማቸውም ከድባቴ ጋር የሚመሳሰል ነውና።

ድባቴ ሆኖ ከተገኘ የንግግር ሕክምና በደንብ ይረዳል። በተለይ አስተሳሰብንና የዕለት ተግባርን አብሮ የሚያክመው ዘዴና ከቅርብ ሰዎች ጋር ባለ ግንኙነት ላይ የሚያተኩረው ዘዴ ለወለዱ እናቶች ጠቃሚነታቸው ተመስክሮላቸዋል። የሥነ አእምሮ ሐኪም በቅርብ አለመኖሩም ተስፋ አያስቆርጥም። በፓኪስታን ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ ጥናት፣ የሠለጠኑ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች በየቤቱ እየሄዱ ይህን የመሰለ ምክር ከሰጧቸው እናቶች መካከል በስድስተኛው ወር ድባቴው ያልለቀቃቸው ከመቶ 23ቱ ሲሆኑ፣ ምክሩን ካላገኙት ግን 53ቱ ነበሩ።

ለሕመሙ ደግሞ የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ወይም በዚህ የሠለጠነች አዋላጅ ጠባሳውን በጣት ነክታ የትኛው ቦታ እንደሚያም፣ ጡንቻዎቹም መኮማተራቸውን መመርመር አለባት። ድርቀቱን መሠረቱ ውሃ የሆነ ማለስለሻ ያቃልለዋል፤ ካልበቃ ሐኪሙ በብልት ውስጥ የሚቀባ አነስተኛ መጠን ያለው ኤስትሮጅን ሊያዝልዎ ይችላል። የዳሌ ወለል ጡንቻን ማጠንከር ከወሊድ በኋላ ለሁሉም ሴት ይመከራል ሲባል እሰማለሁ፤ እንደ እርስዎ ለሚኮማተር ሰው ግን መጀመሪያ መማር ያለበት ጡንቻውን ማላላት ነው፤ በዘርፉ የሠለጠነ ፊዚዮቴራፒስት ካለ ይህን ያስተምራል።

ስለ ፆታ ግንኙነት የሚሰጥ ምክር ምሥጢርን ሁሉ መዘክዘክ እየመሰላቸው የሚሸሹት ብዙዎች ናቸው። ጃክ አኖን የተባለው የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያቀረበው፣ ዛሬም ብዙ ባለሙያዎች የሚከተሉት አካሄድ አራት ደረጃዎች አሉት፤ መጀመሪያ ሰውዬው ጉዳዩን ያለ እፍረት እንዲያነሣ መፍቀድ፣ ከዚያ የሚያስፈልገውን ያህል መረጃ መስጠት፣ ቀጥሎ ለሁኔታው የተለየ ምክር መስጠት፣ በመጨረሻም ጥልቅ ሕክምና ማድረግ። ብዙ ሰዎች አራተኛው ደረጃ ላይ ሳይደርሱ መፍትሔ ያገኛሉ። ለእርስዎና ለባለቤትዎ ሊመከር ከሚችለው አንዱ አሜሪካውያኑ የፆታ ግንኙነት ተመራማሪዎች ዊልያም ማስተርስና ቨርጂኒያ ጆንሰን የቀየሱት የመዳሰስ ልምምድ ነው። ሁለታችሁም ለተወሰኑ ሳምንታት ግንኙነት እንደማይኖር በግልጽ ትስማማላችሁ፤ ከዚያም ጡትና ብልት ሳይነካ፣ ተራ በተራ፣ ወደ ሌላ ነገር ለመድረስ ሳይታሰብ ትዳሰሳላችሁ። ስምምነቱ እስካለ ድረስ ባለቤትዎ እጅዎን ሲይዙ እጅዎን ያዙ ማለት ብቻ ነው፤ የሚያስፈራው ቀሪው ነገር ከፊትዎ ይነሣል።

ስለ ዕዳው የጻፉትን ደጋግሜ አነበብኩት። ለማንም የሚከፈል ዕዳ የለብዎትም። የባለቤትዎም ትዕግሥት በጻፉት መሠረት ፍቅር ይመስለኛል፤ ስለዚህ ይህን ስሜትዎን ቢነግሯቸው ይረዱዎታል ብዬ አምናለሁ። በሐኪም ፊት መናገር ቢከብድዎ ለእኛ የጻፉትን ደብዳቤ እንዳለ ያሳዩ፤ ሐኪሙ የሚያስፈልገው ሁሉ በውስጡ አለ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ከወለደች ሦስት ወር ሊሞላት ነው። የወለደችው በቀዶ ጥገና ስለሆነ ከታች ምንም ቁስል የለባትም። ሆኖም ስቀርባት ሁልጊዜ ደክሞኛል ትላለች። እኔም መቼ እንደሚሻላት ስጠይቃት ትቆጣለች። ፍቅሯ የቀነሰ መሰለኝ። እስከ መቼ ልጠብቅ?

መልስ፦ ውድ ወንድሜ፣ ቀዶ ጥገና የሆድ ግድግዳንና ማህፀንን ከፍቶ የሚሠራ ከባድ ሕክምና ነው፤ ከላይ ያለው ቆዳ ከገጠመ በኋላም ውስጡ ለመዳን ጊዜ ይወስዳል። የሆርሞኖቹ መውረድም በምጥ በወለደችውና በቀዶ ጥገና በወለደችው መካከል ልዩነት የለውም፤ ድርቀቱም የፍላጎት መቀነሱም ያው ነው። በዚህ ላይ ሌሊቱን ሙሉ የሚነሣ ሕፃን አለ። ቀኑን ሙሉ ሲጠባ፣ ሲታቀፍና ሲሳብ የዋለ ሰውነት ማታ ላይ ማንም እንዳይነካው ይመኛል፤ ይህ ብዙ እናቶች ለመናገር የሚያፍሩበት፣ ባሎችም ጥላቻ አድርገው የሚተረጉሙት ስሜት ነው።

ሮዝመሪ ባሰን የተባሉት ካናዳዊት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2000 እንዳስረዱት፣ የብዙ ሴቶች ፍላጎት በቅድሚያ መጥቶ መቀራረብን የሚያስከትል ሳይሆን፣ ምቹ የሆነ መቀራረብ ሲኖር ዘግይቶ የሚመጣ ነው። ይህ እውነት ከሆነ የእርስዎ ተግባር ቀኑን መጠየቅ ሳይሆን ምቹ ሁኔታ መፍጠር ነው። «መቼ ይሻልሻል?» የሚለው ጥያቄ በቅንነት ቢጠየቅም እሳቸው ጆሮ ላይ የሚያርፈው እንደ ማስታወሻ ነው። ከሌሊቱ አንዱን ክፍል እርስዎ ይረከቡና ባለቤትዎ ሳይቆራረጥ ይተኙ፤ ከዚህ በኋላም ምላሽ አይጠብቁ፤ እርዳታው ለመቀራረብ የተከፈለ ዋጋ ከመሰለ ጥቅሙ ይጠፋል። በመሰላቸት ወይም በአዘኔታ የሚሰጥ እሺታን አይቀበሉ፤ እንዲህ ባለ ሁኔታ የተደረገ ግንኙነት ሕመምንና ሽሽትን ያስከትላል። ድካማቸው ከእንቅልፍ በኋላም ካልተሻለ፣ ከሕፃኑ ጋር ሆነው እንኳ ደስታ ካጡ፣ ምግብ ከዘጋቸው ወይም ራሳቸውን ከወቀሱ፣ ከላይ ለእህታችን የመለስኩትን አብረው ያንብቡና ወደ ሐኪም አብረዋቸው ይሂዱ።

የእርስዎንም ጤንነት ልጠይቅዎ እወዳለሁ። ልጅ ከተወለደላቸው አባቶች መካከል ከ10 አንድ ያህሉ ድባቴ ይገጥማቸዋል፤ በወንዶች ላይ ብዙ ጊዜ እንደ ንዴት፣ ከቤት መሸሽ ወይም ከልክ በላይ መሥራት ሆኖ ስለሚገለጥ ሳይታወቅ ያልፋል። እንዲህ ያለ ነገር ካስተዋሉ ለራስዎም ምክር ይፈልጉ። እስከ መቼ ለሚለው፣ ቀን ቆጥሬ ልሰጥዎ አልችልም፤ ሕመም የማይኖርበትና እሳቸው የሚፈልጉበት ጊዜ ሲደርስ ነው።

ጥያቄ፦ እህቴ ከወለደች ገና አሥር ቀኗ ነው። ሌሊቱን ዓይኗን ሳትከድን ታነጋለች፤ ግን ድካም የላትም። ብዙ ትናገራለች፣ ለእኛ የማይሰማ ድምፅ ትሰማለች፣ ሕፃኑንም ተለውጦብኛል ትላለች። ቤተሰቡ ያልፋል ይላል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ይህን ጽሑፍ እስኪያነቡ አለመጠበቅዎን ተስፋ አደርጋለሁ፤ ጥያቄዎ እንደደረሰን በቀጥታ የላክንልዎን መልስ እዚህ የምንደግመው ለሌሎች ነው። ይህ ድንገተኛ ሕክምና የሚያስፈልገው ነው፤ ዛሬውኑ ሆስፒታል ይውሰዷት። የገለጹት ሁኔታ ከ1,000 ወላዶች በአንዷ ወይም በሁለቱ ላይ የሚደርስ፣ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የሚጀምር ከባድ የአእምሮ ሕመም ይመስላል። እሷም ሕፃኑም ለአንድ አፍታ ብቻቸውን አይተዉ። ስሜት ከልክ በላይ በመጋልና በድባቴ መካከል የሚዋዥቅበት ባይፖላር የሚባለው ሕመም በእሷ ወይም በቅርብ ዘመድ ላይ ታይቶ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩ። በጊዜ ሲታከም ይድናል፤ ብዙዎቹም ሙሉ በሙሉ ወደ ቀድሞ ጤናቸው ይመለሳሉ።

ይህን አንብባ የምትደነግጥ ሌላ እናት ልትኖር ትችላለች። «ልጄ ከእጄ ቢወድቅስ፣ አንድ ነገር ባደርገውስ» የሚል ሐሳብ ሳትፈልገው እየመጣ የሚያስጨንቃት እናት ከዚህ የተለየች ናት፤ እንዲህ ያለ ሐሳብ በጣም ብዙ ወላጆች ላይ ይመጣል፣ ሐሳቡ የሚያስፈራትም ልታደርገው ስለማትፈልግ ነው። እሷም ብትሆን ጭንቀቷ ሊታከም ይገባልና ለባለሙያ ትንገር።

ጥያቄ፦ ከወሊድ በኋላ ድባቴ ስለገጠመኝ ሰርትራሊን መውሰድ ከጀመርኩ ጥቂት ወራት ሆኖኛል። ስሜቴ ተሻሽሏል፤ ነገር ግን ፍላጎቴ ጠፍቷል፣ እርካታም አላገኝም። ልጄንም አጠባለሁ። መድኃኒቱን ላቁመው?

መልስ፦ በራስዎ ውሳኔ አያቁሙት። ድንገት ማቋረጥ ማዞርንና መረበሽን ሊያመጣ ይችላል፤ ድባቴውም ሊመለስ ይችላል። ስለ ጡቱ አይጨነቁ፤ ሰርትራሊን ወደ ወተት የሚያልፈው በጣም በጥቂቱ ስለሆነ ለሚያጠቡ እናቶች በቅድሚያ ከሚመረጡት አንዱ ነው። ፍላጎት መቀነስና እርካታ መዘግየት ግን በዚህ መድኃኒት ቤተሰብ ላይ በደንብ የሚታወቅ የጎንዮሽ ጉዳት ነው፤ አልተሳሳቱም። ሐኪምዎ መጠኑን ሊቀንስ፣ ወደ ሌላ መድኃኒት ሊለውጥ ወይም የንግግር ሕክምና ጨምሮ ቆይቶ ቀስ በቀስ ሊያስቆምዎ ይችላል። ማጥባቱ ራሱ ፍላጎት ስለሚቀንስ ከየትኛው እንደመጣ ለመለየት፣ ችግሩ መድኃኒቱን ከመጀመርዎ በፊት ነበረ ወይስ በኋላ መጣ የሚለውን አስታውሰው ይንገሩት። ድባቴው በበረታበት ጊዜ ፍላጎትዎ መጥፋቱን ልብ ያሉት አይመስለኝም፤ ዛሬ መፈለግን መናፈቅዎ የመሻልዎ ምልክት ነው።

ጥያቄ፦ ስወልድ ብዙ ደም ፈሶኝ ልሞት ነበር። አሁን ባለቤቴ ሲቀርበኝ የማዋለጃው ክፍል ይታየኛል፣ ያልበኛል። እንደገና አረግዛለሁ ብዬም እፈራለሁ። ሰዎች የምታጠባ ሴት አታረግዝም ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ የሚታይዎት ነገር ከከባድ አደጋ በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ቁስል ሊሆን ይችላል፤ ከወለዱ 100 ሴቶች መካከል በሦስት ወይም በአራት ያህል ላይ ይታያል፣ እንደ እርስዎ ለሞት በተቃረቡት ላይ ደግሞ ይበዛል። ለዚህ የተለየ የንግግር ሕክምና ስላለ የሥነ አእምሮ ባለሙያ ያማክሩ። የማህፀን ምርመራ ካስፈለገዎ ከመጀመሩ በፊት የደረሰብዎትን ይንገሩ፤ «ይቁም» ባሉ ጊዜ ምርመራው እንዲቆምም ይስማሙ፤ ይህ መብትዎ ነው።

ማጥባት እርግዝናን የሚከላከለው ሦስት ነገሮች በአንድ ላይ ሲሟሉ ነው፤ ሕፃኑ ስድስት ወር ያልሞላው ሲሆን፣ ቀንም ሌሊትም ከጡት በቀር ሌላ ነገር የማይሰጠው ሲሆን፣ የወር አበባም ያልተመለሰ ሲሆን። ሦስቱም ከተሟሉ ከመቶ 98 እጅ ያህል ይከላከላል፤ አንዱ ከጎደለ ግን አይታመኑበት፤ ዕንቁላል የመጀመሪያው የወር አበባ ከመታየቱ በፊት ሊወጣ ይችላልና። የማታጠባ እናት ከወለደች በኋላ አራተኛው ሳምንት ሳያልቅ እንኳ ልታረግዝ ትችላለች። በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው፣ ሉፕ፣ ፕሮጄስትሮን ብቻ ያለው እንክብልና ኮንዶም ለሚያጠቡ እናቶች የሚሆኑ ናቸው፤ ኤስትሮጅን ያለበት እንክብል ግን ለሚያጠባ እናት በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት አይሰጥም። ኮንዶም የሚጠቀሙ ከሆነ ዘይትና ቫዝሊን ላስቲኩን ስለሚያበላሹት በማለስለሻነት አይጠቀሙባቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ከአንዱ ወሊድ እስከ ሚቀጥለው እርግዝና ቢያንስ 24 ወራት እንዲያልፉ ይመክራል። እንዲህ ያለ የደም መፍሰስ የደረሰባት ሴት ግን ቀጣዩን ከማሰቧ በፊት ምክንያቱ ምን እንደነበር፣ እንዳይደገምም ምን ሊደረግ እንደሚችል በወለደችበት ተቋም ካለው መዝገብ ተነሥቶ እንዲብራራላት መጠየቅ አለባት። የወሊድ መቆጣጠሪያውን ለመምረጥ በሚሄዱበት ቀን ይህን ማብራሪያም ይጠይቁ፤ ብቻዎን መስማት ከከበደዎ ባለቤትዎ አብረውዎት ይግቡ።